ጋዜጣ መማሪያ መጽሐፍ የሆነበት ትምህርት ቤት

መምህር የዕለቱን ትምህርት በመስጠት ላይ ሳለ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ትናንት በሬዲዮ የተነገረው ነገር ምን ማለት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ምን መሆን ይገባዋል? ብዙዎቻችን «እሱ ለፈተና አይመጣም፤ ወደ ትምህርታችን እንመለስ» ብለን ማለፋችን የማይካድ ነው። ክፍለ ጊዜው አጭር፣ መሸፈን ያለበት ምዕራፍ ብዙ፣ የተማሪውም ቁጥር ከፍተኛ ስለሆነ መምህሩን መውቀስ አይገባም። ይሁን እንጂ ጥያቄው እንዳለ ይቀራል። የዕለት ወሬ ከትምህርት ጋር ምን ግንኙነት አለው?

በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ በሥራ ስለ መለሰች አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ታሪክ ለማቅረብ እንሞክራለን። ትምህርት ቤቷ በኢጣልያ አገር፣ ባርቢያና በሚባል ተራራማ ሥፍራ፣ በአንድ የካቶሊክ ቄስ ቤት ውስጥ የነበረች ናት። ታሪኩን የመረጥነው በሁለት ምክንያቶች ነው። አንደኛ፣ በዚያ የተሠራበት የማስተማር ዘዴ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ በመሆኑ ነው። ሁለተኛ፣ የእነዚያ የገበሬ ልጆች የጋዜጣ ንባብ በመጨረሻ ያደረሳቸው ወደ እኛው ተከዜ ወንዝ በመሆኑ ነው። ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዘመኑ ሁሉ የተጻፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልን።

ቦታውና ሰውየው

አባ ሎሬንዞ ሚላኒ በ1923 በፍሎረንስ ከተማ ከሀብታምና ከተማረ ቤተ ሰብ ተወለዱ። እናታቸው የአይሁድ ዘር ነበሩ። ወላጆቻቸው በሃይማኖት የጸኑ ስላልነበሩ ሚላኒ ወደ ካቶሊክ እምነት በሙሉ ልባቸው የገቡት በ20 ዓመታቸው ገደማ ነው። በ1947 ቅስና ተቀበሉና በፍሎረንስ አቅራቢያ በምትገኘው ሳን ዶናቶ ለሠራተኞችና ለገበሬዎች የማታ ትምህርት ቤት ከፈቱ። አማኙም ሆነ የማያምነው እኩል እንዲማር በማሰብ ከመማሪያው ክፍል መስቀሉን እስከ ማውረድ ደረሱ። ይህ ድርጊታቸውና በግልጽ የሚናገሩት ነገር ከብዙ ሰዎች ጋር አላስማማቸውም። ስለሆነም በ1954 መጨረሻ ላይ ባርቢያና ወደምትባለው አጥቢያ ተዛወሩ።

ባርቢያና መንደር ለመባል እንኳ የምትበቃ አልነበረችም። በጆቪ ተራራ ጎን፣ በጫካው መካከል ተበታትነው የሚገኙ ጥቂት የገበሬ ቤቶችና አንዲት ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነበሩ። አዲሱ ቄስ ሲደርሱ የመኪና መንገድ፣ የኤሌክትሪክ መብራትና የቧንቧ ውሃ አልነበረም። ልጆቹ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ከቀመሱ በኋላ ወደ ከብት ጥበቃና ወደ እርሻ ይሰማሩ ነበር። ወደ ከተማ ትምህርት ቤት የተላኩትም ቢሆኑ በፈተና ወድቀው የሚመለሱት ብዙዎች ነበሩ።

ብዙ ሰው እንደ ግዞት የቆጠረውን ይህን ሥፍራ አባ ሚላኒ ትምህርት ቤት አደረጉት። ፈቃድ ያለው፣ ደወል የሚደወልበት ትምህርት ቤት ግን አልነበረም። ልጆቹ በቄሱ ቤት በትልቅ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ይማራሉ፤ ጊዜው ሲደርስም ወደ ከተማ ወርደው የመንግሥቱን ፈተና በግል ይወስዳሉ። ትምህርቱ ከጧት እስከ ማታ፣ እሑድ ሳይቀር ዓመቱን ሙሉ ይቀጥላል። የዕረፍት ወራት የሚባል ነገር አይታወቅም። ይህን የሰማ የከተማ ልጅ ይደነግጥ ይሆናል። ለባርቢያና ልጅ ግን ከትምህርት ማረፍ ማለት በረት መጥረግ ማለት ነበር።

በግድግዳው ላይ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ተጽፈው ነበር። ወደ አማርኛ ሲመለሱ «ያገባኛል» የሚለውን ይሰጣሉ። አባ ሚላኒ ይህን የመረጡት የፋሽስቶች መፈክር ለነበረው «ምን አገባኝ» ተቃራኒ እንዲሆን ብለው ነው።

የዕለቱ ጋዜጣ

በባርቢያና ዋናው መማሪያ መጽሐፍ ጋዜጣ ነበር። በየቀኑ ጮክ ተብሎ ይነበባል። አንባቢው ትርጉሙ ያልታወቀ ቃል ላይ ሲደርስ ንባቡ ይቆማል፤ ቃሉ ከየት እንደ መጣ፣ ዘመዶቹ እነማን እንደሆኑ ይመረመራል። የአገር ስም ሲነሳ ካርታ ይዘረጋል። ጦርነት ሲነሳ ደግሞ የታሪክ መጽሐፍ ይገለጣል። በዚህ ዓይነት ከአንድ ዜና ቋንቋ፣ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ሂሳብ ይወጣል። ለአንዲት ቃል ረጅም ሰዓት ቢያልፍ እንደ ባከነ ጊዜ አይቆጠርም፤ ምክንያቱም በአባ ሚላኒ አስተያየት ድኻውን ከሀብታሙ በታች የሚያደርገው ከገንዘብ ይልቅ የቋንቋ ማጣት ነው። ሌላው የሚናገረውን ያልተረዳ፣ የራሱንም መግለጽ ያልቻለ ሰው መብቱን ሊያስከብር አይችልም።

ትልልቆቹ ልጆች ትንንሾቹን ያስተምራሉ። አንድ ልጅ ያልገባው ነገር ካለ ሌሎቹ ቆመው ይጠብቁታል፤ እሱን ጥሎ ወደፊት መሄድ የለም። በዚህ ምክንያት ከሁሉ ደካማ የሆነው ተማሪ በባርቢያና የክፍሉ ዋና ሰው መስሎ ይታይ ነበር።

የ1965 ጸደይ

ከማርች እስከ ጁን ያለው ጊዜ በአውሮፓ ጸደይ ነው፤ በእኛ አገር የበልጉ ወራት መሆኑ ነው። በ1965 የብርዱ ወራት ሊያልቅ ሲል አንድ ወዳጃቸው ከጋዜጣ የተቀደደ ቁራጭ ይዞ ወደ ባርቢያና መጣ። ቁራጩ በፌብሯሪ 12 ቀን ላ ናጽዮኔ በተባለው የፍሎረንስ ጋዜጣ የወጣ የጡረተኛ ወታደራዊ ቄሶች መግለጫ ነበር። መግለጫው ኅሊናችን አይፈቅድም ብለው የጦር መሣሪያ ለመያዝ እምቢ ያሉትንና ስለዚህም የታሰሩትን ወጣቶች ፈሪዎች፣ ለአገራቸው ክብር የማይጨነቁ አድርጎ የሚወቅስ ነው።

ጋዜጣው እንደ ወትሮው ጮክ ተብሎ ተነበበ። ልጆቹ አባቶቻቸውና አያቶቻቸው በጦርነት ያለፉ ስለነበሩ ነገሩ ነካቸው። «እውነት አገርን መውደድ ይህ ነው?» የሚል ጥያቄ ተነሳ። አባ ሚላኒ መልሱን ከአፋቸው አልሰጡም። ከተማሪዎቹ ጋር ሆነው የኢጣልያ መንግሥት ባለፉት መቶ ዓመታት ያካሄዳቸውን ጦርነቶች አንድ በአንድ መመርመር ጀመሩ። የምርመራው ጥያቄ ቀላል ነበር፤ ይህ ጦርነት የራስን አገር ለመከላከል ነው ወይስ የሌላውን አገር ለመውረር? በምርመራቸው መጨረሻ እውነተኛ የመከላከል ጦርነት ሆኖ ያገኙት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፋሽስቶችንና ናዚዎችን የተቃወሙትን አርበኞች ትግል ነው።

ከዚህ ሥራ በአባ ሚላኒ ስም አንድ ግልጽ ደብዳቤ ወጣ። ደብዳቤውን በማርች 6 ቀን ያተመው ሪናሺታ የተባለው የኮሙኒስት ፓርቲ ሳምንታዊ መጽሔት ነበር። የቀድሞ ወታደሮች ማኅበርተኞች አቤቱታ አቀረቡ። አባ ሚላኒም ወንጀልን በማወደስ ተከሰው ለፍርድ እንዲቀርቡ ታዘዘ። ጧት የተነበበ አንድ የጋዜጣ ቁራጭ መምህሩን ከተከሳሽ ሳጥን አደረሰ ማለት ነው።

ከባርቢያና እስከ ተከዜ

አባ ሚላኒ በዚያን ጊዜ በጽኑ ሕመም ተይዘው ስለነበር ወደ ሮማ ሄደው በችሎት መቆም አልቻሉም። በዚህ ምክንያት በኦክቶበር 1965 ለዳኞቹ ረጅም ደብዳቤ ጻፉ። በዚያ ደብዳቤ ላይ እኛን ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ የሚመለከት ነገር እናገኛለን።

ኢጣልያ መርዘኛ ጋዝ በጦርነት ላይ እንዳይውል የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቫ ፕሮቶኮል ፈርማ በ1928 አጽድቃለች። ነገር ግን በ1935 ኢትዮጵያን ስትወር ይህንኑ ቃሏን አፈረሰች። በዲሴምበር 23 ቀን 1935፣ ማለትም በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም.፣ የኢጣልያ አውሮፕላኖች በተከዜ ወንዝ አካባቢ በነበረው በልዑል ራስ እምሩ ጦር ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ጣሉ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጁን 1936 በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ይህንኑ ግፍ ለዓለም አስረድተዋል። ሆኖም በኢጣልያ ከጦርነቱ በኋላ ነገሩ ተሸፋፍኖ፣ ብዙ ሰውም «አልተደረገም» እያለ ይክድ ነበር።

በተራራ ላይ የሚኖሩት ቄስ ግን ቀኑንና ቦታውን ጠቅሰው፣ ሙሶሊኒ ጋዝ እንዲጣል ለጦር አዛዦቹ የሰጠበትን ቴሌግራም ከነቁጥሩ አስፍረው፣ የንጉሠ ነገሥቱንም ምስክርነት ጨምረው ለዳኞቹ አቀረቡ። ክርክራቸው የሚከተለው ነበር። ጋዙን የጣሉት ሰዎች «ታዘን ነው» ይላሉ። መታዘዝ ብቻውን በጎ ምግባር ከሆነ እነዚህ ሰዎች ጥፋት የለባቸውም ማለት ነው። ጥፋት አለባቸው ካልን ግን ወጣቶችን በጭፍን መታዘዝ ብቻ ማስተማር ወንጀል ለሚያዝ ሁሉ መሣሪያ ማዘጋጀት ነው። መምህር ተማሪዎቹን ሕግ እንዲያከብሩ ማስተማር አለበት፤ ሕጉ ጎዶሎ ሆኖ ሲገኝም የተሻለ እንዲሆን እንዲመኙና እንዲሠሩ ጭምር ማስተማር አለበት።

የሮማው ፍርድ ቤት በፌብሯሪ 15 ቀን 1966 በነፃ አሰናበታቸው። ዓቃቤ ሕጉ ይግባኝ ቢልም ይግባኙ በ1968 ሲታይ ተከሳሹ በሕይወት ስላልነበሩ በእሳቸው ላይ የነበረው ክስ ተዘጋ። ኢጣልያ በ1972 በኅሊና ምክንያት የጦር መሣሪያ አልይዝም ለሚሉ ወጣቶች መብት የሚሰጥ ሕግ አወጣች። በኢትዮጵያ ላይ ጋዝ መጣሉን ግን የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር በይፋ ያመነው በ1996 ነው። የባርቢያና ተማሪዎች ያወቁትን ነገር መንግሥታቸው በአደባባይ ለማመን ሠላሳ ዓመት ፈጀበት።

የ1967 ጸደይ

ሁለተኛው ጸደይ የተማሪዎቹ ነው። ከባርቢያና ሄደው የመምህራን ማሠልጠኛ ከገቡት ልጆች መካከል በፈተና የወደቀ ነበር። ስምንት ተማሪዎች በመምህራቸው መሪነት አንድ ዓመት ገደማ ከሠሩ በኋላ «ለአንዲት መምህርት የተጻፈ ደብዳቤ» የተባለውን መጽሐፍ በሜይ 1967 አሳተሙ። መጽሐፉ የመንግሥትን ስታቲስቲክስ እየጠቀሰ፣ ግዴታ የሆነው ትምህርት የገበሬውንና የሠራተኛውን ልጅ በየክፍሉ እየጣለ የሐኪሙን ልጅ ወደፊት እንደሚያሳልፍ ያሳያል።

ለእኛ ለመምህራን ከይዘቱ ያላነሰ የሚጠቅመን መጽሐፉ የተጻፈበት ዘዴ ነው። ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል፦

1ኛ/ እያንዳንዱ ተማሪ ሐሳብ በመጣለት ቁጥር በቁራጭ ወረቀት ላይ ይጽፋል። በአንድ ወረቀት ላይ የሚሠፍረው አንድ ሐሳብ ብቻ ነው።

2ኛ/ ወረቀቶቹ ሁሉ በጠረጴዛ ላይ ይዘረጋሉ። የተደጋገሙት ይወጣሉ፤ የሚቀራረቡት በአንድ ላይ ይከመራሉ። ክምሩ ምዕራፍ ይሆናል።

3ኛ/ እያንዳንዱ ክምር ወደ አንቀጽ ይከፋፈላል። ርእስ ሊወጣለት ያልቻለ አንቀጽ ወይ ባዶ ነው ወይም ብዙ ነገር ተደባልቆበታል።

4ኛ/ ከተጻፈ በኋላ ትርፍ ቃል ይሠረዛል፤ ከባድ ቃል በቀላል ይለወጣል፤ የረዘመው ዓረፍተ ነገር ይቆረጣል።

5ኛ/ በመጨረሻ ብዙ ያልተማሩ ሰዎች ተጠርተው ይነበብላቸዋል። ካልገባቸው ጥፋቱ የጸሐፊዎቹ ነው ተብሎ እንደገና ይጻፋል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ አንድ ልጅ ብቻውን ሊጽፈው የማይችለውን ስምንቱ ተባብረው ጻፉት። አባ ሚላኒ መጽሐፉ በወጣ በሁለተኛው ወር፣ በጁን 26 ቀን 1967፣ በ44 ዓመታቸው አረፉ። ትምህርት ቤቱም ከእሳቸው በኋላ ብዙ አልቆየም። ፓፓ ፍራንሲስኮስ በ2017 ወደ ባርቢያና ወጥተው በመቃብራቸው ላይ ጸልየዋል።

እኛ ምን እንማራለን?

ባርቢያናን እንዳለች ወስደን በየክፍላችን እንትከላት ማለታችን አይደለም። በዚያ የነበሩት ልጆች ጥቂት ነበሩ፤ መምህራቸውም ሕይወታቸውን በሙሉ ለእነሱ የሰጡ፣ ቤተ ሰብ የሌላቸው ካህን ነበሩ። ቁጣቸውም ኃይለኛ ነበር። መጽሐፉም ቢሆን በመምህራን ላይ ያለው ፍርድ አንዳንድ ጊዜ ከመጠን ያለፈ ነው፤ ስድሳና ሰባ ተማሪ ይዞ የሚደክመውን መምህር ሸክም አይመዝንም።

ይሁን እንጂ ሦስት ነገሮች በማንኛውም ክፍል ሊሠሩ ይችላሉ። የመጀመሪያው በሳምንት አንድ ቀን፣ ለጥቂት ደቂቃ እንኳ ቢሆን፣ አንድ ዜና ጮክ ብሎ አንብቦ ቃሉን፣ ካርታውንና ታሪኩን መፈለግ ነው። ሁለተኛው ተማሪው የሰማውን ሁሉ እንዳያምን ወይም ሁሉንም እንዳይክድ፣ «ይህን ማን አለ? መቼ? ማስረጃው የት አለ?» ብሎ መጠየቅ እንዲለምድ ማድረግ ነው። ሦስተኛው ቁራጭ ወረቀት ይዞ ጽሑፍን በኅብረት መጻፍ ነው፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ወረቀት፣ እርሳስና ትዕግሥት ብቻ ነው።

የጋዙ ነገር ለእኛ የአያቶቻችን ቁስል ስለሆነ አዲስ አይደለም። በጠላትነት በምናስበው አገር ተራራ ላይ የእረኛ ልጆች ጋዜጣ እያነበቡ ያንን ቁስል «ያገባናል» ማለታቸው ግን ሊያስደንቀን ይገባል። እንግዲህ ነገ አንድ ተማሪ ስለ ትናንቱ ዜና እጁን ሲያወጣ፣ ለጥያቄው አምስት ደቂቃ ብንሰጠው ከትምህርቱ የሚጎድል ነገር አይኖርም እንላለን።