የድንጋጤ ቀን ትዝታ በደሴና በኮምቦልቻ

የልደት መዝገብ ባልተለመደበት ዘመን በወሎ ዕድሜ የሚቆጠረው በታላላቅ ክስተቶች ነበር። «ጣሊያን ሲገባ እረኛ ነበርኩ» የሚል ሽማግሌ ዘመኑንም የዋለበትንም ቦታ በአንድ ቃል ይናገራል።

ድንገተኛ ወሬ የሰማ ሰው የቆመበትን ቦታ፣ ወሬውን የነገረውን ሰውና በእጁ የያዘውን ዕቃ ሳይቀር ያስታውሳል። ሮጀር ብራውንና ጄምስ ኩሊክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1977 ይህን ትዝታ ከካሜራ ብልጭታ ጋር አመሳስለው ስም አወጡለት። ሰው ሲደነግጥ በሰውነቱ አድሬናሊን ይረጫል፤ አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍልም ትውስታ የሚቀረጽበትን ሂፖካምፐስ ያነቃቃል። ነገሩ በለቅሶ ቤትና በቡና ላይ በተወራ ቁጥር ደግሞ ሥር ይሰድዳል።

ደሴና ኮምቦልቻ ከሰሜን ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ በመሆናቸው እንዲህ ያሉ ቀናት በዝተውባቸዋል። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ደሴን መናገሻቸው ያደረጉት ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ተማረኩ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ለጦርነቱ ወደ ደሴ ወርደው ሳለ የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብ ደበደቡ፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት የሚሲዮን ሆስፒታልም ተመታ። ሚያዝያ 7 ቀን ጠላት ደሴ ገባ። ከአምስት ዓመት በኋላ የደቡብ አፍሪካ ጦር ከአርበኞች ጋር የኮምቦልቻን በር ሰብሮ ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ደሴን አስለቀቀ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ሁለቱም ከተሞች በሕወሓት ኃይሎች ተያዙ፤ መንግሥት መልሶ መያዙን ያስታወቀው ኅዳር 27 ቀን ነበር።

ይሁንና ትዝታው ስለ ደመቀ ብቻ ልክ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1986 ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር በፈነዳች ማግስት ተማሪዎች ወሬውን የትና እንዴት እንደሰሙ እንዲጽፉ ተደረገ። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ሲጠየቁ ብዙዎቹ ከጻፉት የተለየ ታሪክ በሙሉ ልብ ተናገሩ። የደሴም ቀናት ለመደባለቅ ቅርብ ናቸው፤ የ1928ቱ ድብደባና የ2014ቱ ማስታወቂያ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የአንድ ቀን ልዩነት ሲኖራቸው፣ በፈረንጆቹ ግን ሁለቱም ዲሴምበር 6 ላይ ይውላሉ። ስለዚህ የሁለቱ ከተሞች ታሪክ ሲጻፍ ቀኑ ከመዝገብ፣ የቀኑ አዋዋል ደግሞ ከባለታሪኮቹ አንደበት ሊወሰድ ይገባል።