ችክችካ በማሽን፦ የኢትዮጵያ ኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃ ከየት ጀመረ?

በላስ ቬጋስ ሰሜናዊ ዳርቻ ካለው የአሊያንቴ ሰፈር ብዙም ሳይርቅ፣ በስተምሥራቅ፣ የከተማዋ የመኪና እሽቅድምድም ሜዳ ይገኛል። ይህ ሜዳ በዓመት ሦስት ሌሊት የዳንስ አገር ይሆናል። ኤሌክትሪክ ዴይዚ ካርኒቫል የሚባለው ፌስቲቫል በ1997 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ተጀምሮ በ2011 ወደዚህ ተዛውሯል፤ ዛሬ በየሌሊቱ ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ሰው ይታደምበታል። (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ታዳሚውን ከሆቴል ወደ ሜዳ፣ ከሜዳ ወደ ሆቴል ከሚያመላልሱት ሾፌሮች መካከል የእኛ ልጆች ብዙ ናቸው። በወረፋ ሰዓት በመካከላቸው የሚነሳው ጥያቄ በአዲስ አበባ ካፌዎችም የሚነሳው ነው፦ የእኛን የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃ ማን ጀመረው? ከየትስ መጣ?

አድማጩ በሦስት ጎራ ይሰለፋል። የመጀመሪያው ጎራ ሮፍናን ኑሪን ይጠራል፤ በ2018 የወጣው «ነጸብራቅ» የተሰኘው አልበሙ የክለቡን ምት ከአገር ቤቱ ዜማ ጋር አጋብቶ ለሰፊው ሕዝብ ስላደረሰ ጀማሪው እሱ ነው ይላል። ሁለተኛው ጎራ ከዚያ አራት ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። በ2014 ዋሽንግተን ላይ የተቋቋመው 1432 አር የተባለ አሳታሚ የሚካኤል ሰይፉን «ያራዳ ልጅ» አወጣ፤ እንደገና ሙሉም «ኢትዮጵያን ሬከርድስ» በሚል ስም ሥራውን በዚያው አሳታሚ በኩል አቀረበ። «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» የሚለው ስያሜ ከእነዚህ ሰዎች ጋር የመጣ ስለሆነ ጅማሬውም የእነሱ ነው ይላል። ሦስተኛው ጎራ፣ አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ ጠና ያሉት፣ ነገሩን ጨርሶ የእኛ አይሉትም፤ በፈረንጅ ምት ላይ ማሲንቆ የተለጠፈበት ዕቃ ነው ይላሉ።

ሦስቱም ጎራዎች ሳያውቁት በአንድ መሬት ላይ ቆመው ይከራከራሉ። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ2010ዎቹ መካከል ያለውን ጊዜ ባዶ አድርገው ይቆጥሩታል። ይህን ባዶነት ያወረሰን ደግሞ አንድ ሰው ነው፤ የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ አልበሞች አዘጋጅ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ። የዚህ መጣጥፍ ጠብ ከእሳቸው ጋር ነው።

በሌላው ጽሑፍ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ዕዝራ አባተ ስለ ቅኝት፣ አሸናፊ ከበደ ስለ ጥቁር ሕዝቦች ሙዚቃ ሥሮች፣ ኬይ ካውፍማን ሸለመይ በ2022 ባሳተሙት መጽሐፍ ስለ አሜሪካ ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞች የጻፉት ለጉዳያችን በቂ መሠረት ነው።

የፋልሴቶን ውለታ የሚክድ ሰው ግፈኛ ነው። በ1984 የማሕሙድ አህመድን «እሬ መላ መላ» ሸክላ ሰምተው ተማረኩ፤ በ1986 ክራምድ ዲስክስ በተባለው የቤልጂየም አሳታሚ በኩል ለአውሮፓ አድማጭ አደረሱት፤ ከዚያም ቡዳ ሙዚክ በተባለ አሳታሚ በኩል የአምሃ እሸቴንና የካይፋ ሬከርድስን ሸክላዎች ከመጥፋት ታደጉ። ነገር ግን ከሸክላዎቹ ጋር አንድ የታሪክ አከፋፈልም አብሮ መጣ፦ ወርቃማው ዘመን ከ1969 እስከ 1978፣ ከዚያ በኋላ ውድቀት። የውድቀቱ ምልክቶች ተብለው የሚቆጠሩትም ሦስት ናቸው፤ የትንፋሽ መሣሪያ ጓዱ መበተን፣ የሰዓት እላፊው፣ የኪቦርዱ መግባት። ከዓመታቱ ጀምረን እንያቸው፤ የትንፋሹ ጉዳይ ከኪቦርዱ ጋር ይመጣል።

መጀመሪያ ዓመታቱን። 1969 የአምሃ እሸቴ አሳታሚ አምሃ ሬከርድስ ሥራ የጀመረበት ዓመት ነው፤ 1978 ደግሞ የሸክላ ሕትመት ያበቃበት ነው። ስለዚህ አከፋፈሉ የሸክላን ዕድሜ እንጂ የሙዚቃን ዕድሜ አይለካም። ሸክላ ቆመ፣ ካሴት ቀጠለ። ሸክላ የሚሰበስብ ሰው ሸክላ ባለቀበት ሙዚቃው ያለቀ መስሎ ቢታየው አይገርምም፤ የሚገርመው እኛ የካሴት ልጆች ይህን አምነን መቀበላችን ነው። ሮሃ ባንድ፣ ኢትዮ ስታርስ፣ እነሱን ተከትለው የመጡት አቀናባሪዎች፣ አምባሰልና ኤሌክትራ ሙዚቃ ቤቶች ያሳተሟቸው ካሴቶች ሁሉ ከዚያ ድንበር ወዲህ ናቸው። አንድ ትውልድ ያገባው፣ የተሰደደው፣ የናፈቀው በእነዚህ ካሴቶች ነው።

ቀጥሎ የሰዓት እላፊው። ደርግ ሌሊቱን ስለዘጋው የአዲስ አበባ የምሽት ሕይወት ሞተ የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ብቻ ነው። በብዙ መሸታ ቤቶች ላይ ደርሷል፤ እቀበላለሁ። በትልልቆቹ ሆቴሎች ግን የሆነው ሌላ ነው። ሰዓት እላፊው ከደረሰ በኋላ መውጣት ስለማይቻል የገባው ሰው እዚያው ያነጋል፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ዋልያስ ባንድ በሂልተን የተጫወተው እንዲህ ነው። ከሌላው ዓለም ጋር እናስተያየው፦ ፍራንኪ ነክልስ በ1977 ቺካጎ በተከፈተው ዌርሃውስ ክለብ እስኪነጋ ሲያጫውት የ«ሃውስ» ሙዚቃ ተወለደ፤ ሌሊቱን ሙሉ የማያቋርጥ ዳንስ የሙዚቃውን ቅርጽ ራሱን እንደለወጠው ብዙ ጸሐፊዎች ይስማማሉ። በዚያው ዘመን አዲስ አበባም በሌላ ምክንያት፣ በጠመንጃ አስገዳጅነት፣ ሌሊቱን የሚያነጋ ዳንስ ነበራት። ለቺካጎ የልደት ምክንያት የሆነው ለአዲስ አበባ የሞት ምክንያት የሚሆንበት አግባብ አይታየኝም። በዚህ ላይ ሳንሱርን ጨምሩበት። ግጥም ለምርመራ ይቀርባል፤ ግጥም የሌለው ሙዚቃ ግን የሚመረመር ቃል የለውም። ዋልያሶች በ1977 «ጨ በለው»ን በመሣሪያ ብቻ መቅረጻቸው ለዳንስ የሚሆን፣ ረጅም፣ ድምፃዊ የማይጠብቅ ሙዚቃ መንገዱ ቀድሞ እንደተጠረገ ያሳያል።

ሦስተኛው፣ ዋናውም፣ ኪቦርዱ ነው። እዚህ ላይ አንድ ችላ የተባለ ምንጭ አለ፤ ምንጩም አንድ ካሴት ነው። የዋልያሱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ባንዱ በ1981 አሜሪካን ሲዞር እዚያው ከቀሩት አንዱ ናቸው። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ፣ በአነስተኛ ስቱዲዮ፣ ያለ ባንድ፣ ብቻቸውን አንድ ካሴት ቀረጹ። አኮርዲዮን፣ ሮድስ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘር፣ ድራም ማሽን፤ በቃ። ስሙ ሸሞንሟናዬ። ካሴቱ አገር ቤት ደረሰ፣ ተሰማ፣ ከዚያም በየሱቁ መደርደሪያ ላይ ተረሳ። በ2013 በዓለም ገበያ እንደገና የወጣው አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ ባሕር ዳር ላይ ከአንድ ሱቅ ገዝቶት ስለነበረ ነው። ካሴቱ እንደገና ሲወጣ ኃይሉ ኑሯቸውን የሚገፉት በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዱ ነበር። ፋልሴቶ የማሕሙድን ሸክላ በሰሙበትና ባሳተሙት ዓመታት መካከል ይህ ካሴት ተሠርቶ ወጥቷል፤ በወርቃማው ዘመን አከፋፈል ውስጥ ግን ቦታ የለውም።

ክብደቱ ያለው በድምፁ እንግዳነት ላይ አይደለም፤ በምቱ አደራደር ላይ ነው። ጉዳዩ ጥቂት ማብራራት ይፈልጋል። የዘመኑ ድራም ማሽኖች በተፈጥሯቸው የተሠሩት ለአራት አራተኛ ምት ነው፤ አንዱ ዙር አሥራ ስድስት ደረጃ አለው፣ ትልቁ ከበሮም በየአራቱ ይመታል። ችክችካ ደግሞ ስድስት ስምንተኛ ነው። ስድስቱን ትንንሽ ምት ሁለት ጊዜ ሦስት አድርጎ መስማትም፣ ሦስት ጊዜ ሁለት አድርጎ መስማትም ይቻላል፤ እስክስታ የሚወርድ ትከሻ በሁለቱ መካከል እየተመላለሰ ይጫወታል። ይህን ለማሽን ማስተማር ማለት ከአሥራ ስድስቱ ደረጃ አራቱን ትቶ በአሥራ ሁለት መደርደር፣ ከዚያም ጭብጨባውና ትንሹ ከበሮ ከዋናው ምት የሚሸሹበትን ቦታ መምረጥ ነው። ችክችካን በአሥራ ሁለት የደረደረ ሰው ሳያስበው ሌላ በር ይከፍታል፦ ሁለት ዙር ችክችካ በትክክል አራት የትልቅ ከበሮ ምት ይሆናል። የክለቡ አራት ምትና የገጠሩ ሰርግ እዚህ ላይ ይገናኛሉ። ማንም በማንም ላይ አልተለጠፈም፤ ቁጥሩ ራሱ ይገጥማል።

እንግዲህ የኢትዮጵያ ኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃ የጀመረው አንድ ኢትዮጵያዊ ችክችካን በማሽን በደረደረበት ጊዜ ነው የምለው በዚህ ምክንያት ነው። ሸሞንሟናዬ የዚያ ጊዜ ግልጽ ምስክር ነው። ከዚያ በኋላ ይህ ሥራ የብዙዎች ሆነ። ስምንትና አሥር ሰው ያለው ባንድ መቅጠር የማይችል ደጋሽ አንድ ኪቦርድ ተጫዋችና አንድ ድምፃዊ ይጠራል፤ ኪቦርዱ ከበሮውንም ቤዙንም ትንፋሹንም ይዞ ይመጣል። በዚህ የተነሳ ብዙ የትንፋሽ ተጫዋቾች እንጀራቸውን አጥተዋል፤ ይህ በደል ነው፤ መካድም አልፈልግም። ነገር ግን በዚያው ሰርግ አዳራሽ የጉራጌው፣ የጎጃሙ፣ የወሎው፣ የኦሮሞው ምት በማሽን እየተደረደረ፣ በሙሽራ ፊት እየተፈተነ፣ ያልተጨፈረበት እየተጣለ ሄደ። ከዚህ የበለጠ ጥብቅ ትምህርት ቤት አላውቅም። በ2000ዎቹ የዘመኑን ድምፅ የቀረጸው፣ በ2019 ያጣነው ኤልያስ መልካ ኮምፒዩተር ላይ ሲያቀናብር የሚሰማው አድማጭ በማሽን የተመታ የአገር ምት ከልጅነቱ የለመደ ነበር።

የሚነሱ ተቃውሞዎች አሉ። ኃይሉ የፈለጉት የልጅነታቸውን የአኮርዲዮን ድምፅ መመለስ እንጂ አዲስ ዘር መፍጠር አልነበረም ይባላል። እውነት ነው፤ ግን የማንም ዘር ጀማሪ ዘር ልጀምር ብሎ አልተነሳም። ሚካኤል ሰይፉ የተማረው ኒው ጀርሲ፣ ራማፖ ኮሌጅ፣ በአሜሪካዊው ሙዚቀኛ ቤን ኒል ሥር ነው፣ ስለዚህ ሐረጉ አሜሪካዊ ነው የሚሉም አሉ። ኮሌጅ መሣሪያ ያስተምራል፤ የት ቦታ ላይ መምታት እንዳለበት የሚያውቅ ጆሮ አያስተምርም። በ2016 የወጣውን «ዘላለም» የሰማ ሰው ልዩነቱን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልገውም። ምቱ ከፈረንጅ ነው ለሚሉትም ዲትሮይትን ማስታወስ ይበቃል። ዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይና ኬቪን ሳንደርሰን ክራፍትወርክ የተባሉትን ጀርመኖች መስማታቸውን ደብቀው አያውቁም፤ ቴክኖን ግን የዲትሮይት ጥቁሮች ሙዚቃ እንጂ ጀርመናዊ ነው የሚል ቁም ነገረኛ ጸሐፊ የለም።

ከሁሉም ጠንካራው ተቃውሞ ከሕንድ የሚመጣው ነው። ቻራንጂት ሲንግ የተባሉ የቦምቤይ ሙዚቀኛ በ1982 አሥር ራጋዎችን በሲንተሳይዘርና በድራም ማሽን ቀረጹ። ሥራው በ2010 እንደገና ሲወጣ ብዙ አድማጭ ደነገጠ፤ ቺካጎ በ1987 «አሲድ ትራክስ»ን ካወጣችበት አምስት ዓመት ቀድሞ ያንኑ የሚመስል ድምፅ አለበትና አሲድ ሃውስ የተወለደው ቦምቤይ ነው ተባለ። አስተዋዮቹ ግን መቅደም ማውረስ አይደለም ብለው መለሱ፤ የሲንግን አልበም የሰማ የቺካጎ ሰው አልነበረምና። ሸሞንሟናዬም እንዲሁ ብቻውን የቀረ ካሴት አይደለምን? አይደለም። የሲንግ ሥራ ገበያ አላገኘም፣ ተከታይም አላፈራም። የኃይሉ ካሴት ግን ለተመሳሳይ ጆሮ፣ በተመሳሳይ ቋንቋ፣ በተመሳሳይ የዳንስ ልማድ ውስጥ ወጣ፤ ከኋላውም የኪቦርድ ሰርግ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቆሟል። ሮፍናን ከዚያ ካሴት ቀጥታ ቀዳ አልልም፤ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የምለው የካሴቱም የሮፍናንም ሙዚቃ ያደገበት አዳራሽ አንድ መሆኑን ነው።

በዚህ ዓይን ስናየው የሾፌሮቹ ክርክር መልኩ ይለወጣል። ሮፍናን የጀመረው የዲጄ መድረኩን፣ የፌስቲቫሉን ግዝፈት፣ የወጣቱን ብዛት ነው፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሚካኤልና እንደገና የጀመሩት ሙዚቃውን ለጥሞና ማዳመጥን፣ ስም ሰጥቶ በዓለም ፊት መቆምን ነው፤ ይህም ትልቅ ነው። ምቱን በማሽን ያስገቡት ግን የካሴቱ ዘመን ኪቦርድ ተጫዋቾች ናቸው፤ ፋልሴቶ የዘጉት በርም የእነሱ በር ነው።

ቀጣዩ ሥራ የመስክ ሥራ ነው። የካሴት ሽፋን የአቀናባሪውን ስም እንጂ የማሽኑን ስም እምብዛም አይጽፍም። የትኛው ማሽን፣ በምን አደራደር፣ በየትኛው ስቱዲዮ፣ የምቱን ዲስኬት ማን ለማን አቀበለ የሚለውን የሚነግሩን ሰዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ከአዲስ አበባ ይልቅ በዋሽንግተን፣ በሎስ አንጀለስና እዚሁ በላስ ቬጋስ ይኖራሉ። ካሴቶቹም እዚህ አሉ፣ በኔቫዳ በጋ በሚግሉ ጋራዦች ውስጥ፣ በካርቶን ታሽገው። ማግኔታዊ ክር ሙቀት አይወድም። በዩኒቨርሲቲ ያለም፣ በታክሲ ወረፋ ላይ ያለም ቴፕ፣ ማይክሮፎንና ደብተር ይዞ ሊጀምረው የሚችል ሥራ ነው፤ የመጀመሪያው ጥያቄም ይህ ይሁን፦ ችክችካውን በስንት ደረጃ ነበር የምትደረድሩት?