ካርል ጉስታቭ ቮን ሮዘን

ካውንት ካርል ጉስታቭ ቮን ሮዘን (1901–1969 ዓ.ም.) በኢትዮጵያ ሁለት የጦርነት ዘመናት እርዳታ ያመላለሱ ስዊድናዊ አብራሪ ናቸው። በመጀመሪያው ጊዜ ገና የ26 ዓመት ወጣት ነበሩ፤ በሁለተኛው ጊዜ በ67 ዓመታቸው ጎዴ ላይ ተገደሉ።

የተወለዱት ነሐሴ 13 ቀን 1901 ዓ.ም. ከስዊድን መኳንንት ቤተሰብ ነው። የናዚ ጀርመን አየር ኃይል አዛዥ የነበረው ሄርማን ጎሪንግ የሟች አክስታቸው ባል ነው። እሳቸው ግን ፋሺስት ጣሊያን ኢትዮጵያን ሲወር ከተወራሪው ወገን ተሰለፉ፤ ለስዊድን ቀይ መስቀል ሊያበሩ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። የዚሁ ቡድን የሕክምና ጣቢያ ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. መልካ ዲዳ ላይ በጣሊያን አውሮፕላኖች ተደብድቦ ብዙ ቁስለኞች አልቀዋል።

ወደ ሰሜን ጦር ግንባር መድኃኒትና ሐኪም ማድረስ ብርቱ ፈተና ነበረው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚበር ሰው የሰሜን ሸዋን ደጋ ማለፍ አለበት። መንዝና ግሼ በብዙ ቦታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣሉ፤ በምሥራቅ በኩል መሬቱ ድንገት ተቆርጦ ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳል፤ ወደ መርሐቤቴ አቅጣጫ ደግሞ ወንዞቹ ጥልቅ ገደል ቆርሰዋል። በስስ አየር የዚያ ዘመን ሞተር ጉልበቱ ይደክማል። ጉም ከወረደም አውሮፕላን የሚያሳርፉበት ሜዳ ማግኘት ጭንቅ ነው። ቮን ሮዘን በመጋቢት 1928 ዓ.ም. የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ተወካይ የነበሩትን ዶክተር ማርሴል ዡኖን ይዘው ኮረም ደረሱ፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያለባት አውሮፕላናቸው እዚያው ቆማ ሳለች በጣሊያን አውሮፕላኖች ተደብድባ ወደመች።

በ1932 ዓ.ም. በፊንላንድና በሶቪየት ኅብረት ጦርነት በፈቃደኝነት ለፊንላንድ ሲዘምቱ አንድ የመንገደኛ አውሮፕላን ወደ ቦምብ ጣይነት ለውጠው አበረሩ። ከዓለም ጦርነቱ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው ለአሥር ዓመታት ያህል በቢሾፍቱ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል በማደራጀትና ወጣት አብራሪዎችን በማሠልጠን አገለገሉ። በግንቦት 1939 ዓ.ም. «ሳፊር» በተባለች ትንሽ ማሠልጠኛ አውሮፕላን ከስቶክሆልም አዲስ አበባ ድረስ፣ 6,000 ኪሎ ሜትር የሚያልፈውን መንገድ፣ አንድም ቦታ ሳያርፉ መጡ።

በ1960 ዓ.ም. በናይጄሪያ ጦርነት ለተከበበችው ቢያፍራ ከዛፍ ጫፍ ብዙም ሳይርቁ በመብረር እህል አስገቡ። በሚቀጥለው ዓመት ለዚያው ወገን ትናንሽ አውሮፕላኖችን አስታጥቀው የናይጄሪያን አየር ማረፊያዎች መቱ። ስማቸው በዓለም የገነነው በዚህ የጦር ሥራ ነው፤ ለኢትዮጵያውያን ግን ይበልጥ ሊታወሱ የሚገባቸው ከዚያ በኋላ ባደረጉት ነው። የወሎው ረሀብ ዜና ዓለምን ካዳረሰ በኋላ፣ በ1966 እና 1967 ዓ.ም. አካባቢ፣ መኪና ወደማይደርስባቸው ቦታዎች በትናንሽ አውሮፕላኖች ክንፍ ሥር የእህል ከረጢት አንጠልጥለው፣ ዝቅ ብለው እየበረሩ ያለ ጃንጥላ ጣሉ። መንገድ በሌለበት ደጋ ረሀብን የሚያከፋው የእህል እጥረት ብቻ አይደለም፤ እህሉ ከባለአስፋልቱ ከተማ ወደ ገደሉ ማዶ መሻገር አለመቻሉም ነው። ይህን ጠንቅቀው የተረዱ ሰው ነበሩ።

ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ወረራ በጀመረበት ሰሞን፣ በጦርነት ለተፈናቀሉ ሰዎች እርዳታ ለማድረስ በሄዱበት ጎዴ፣ በምድር ላይ ሳሉ በሶማሊያ ኃይሎች ድንገተኛ ጥቃት ተገደሉ። የተቀበሩትም አዲስ አበባ ነው።

ከሞታቸው ስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1977ቱ ረሀብ፣ ተመሳሳይ የእርዳታ አሰጣጥ በግዙፍ አውሮፕላኖች ወደ ሰሜን ሸዋ መጣ። የእንግሊዝ አየር ኃይል «ሄርኩለስ» የጭነት አውሮፕላኖች የግሼዋን ራቤልን ጨምሮ በደጋው ቦታዎች ላይ፣ ከመሬት ጥቂት ሜትሮች ብቻ ከፍ ብለው፣ በተደራራቢ ከረጢት የታሸገ እህል ጣሉ። የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች አስቀድመው እየደረሱ የመጣያ ሜዳውን በማዘጋጀት ይረዱ ነበር።