የመጨረሻዋ ርምጃ፤ ከነጋሪት እስከ መስተዋት ክር በጎንደር

መልእክት ከላኪው እጅ ወጥቶ ከተቀባዩ ጆሮ እስኪደርስ ድረስ የሚጓዝበትን መንገድ በታሪክ ያየን እንደ ሆነ፣ ሰውን ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረችው ረጅሟ ጎዳና ሳትሆን ከደጃፍ እስከ እልፍኝ ያለችው አጭር ርምጃ መሆኗን እንረዳለን። በረሓውና ባሕሩ ይታለፋል፤ ገደሉም ይወጣል፤ በመጨረሻው ግን ነገሩ ከአንድ በር ላይ ደርሶ ይቆማል። ዛሬ በአገራችን ከተሞች ፋይበር የተባለው የመስተዋት ክር ከመሥሪያ ቤት አልፎ ወደ መኖሪያ ቤት መግባት ስለ ጀመረ፣ የጎንደርም ሰው ቤቱን ለዚሁ እንግዳ ማሰናዳት የሚገባው ስለ ሆነ፣ ይህችን የመጨረሻ ርምጃ ከጥንት ጀምረን ልንከተላት ወደድን።

ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ የቤተ መንግሥቱ ቃል ወደ ሕዝቡ የሚወጣው በነጋሪት ነበር። ነጋሪት ጎሳሚው አዋጁን ከገበያና ከአደባባይ ላይ ያሰማል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ቃሉን ወደ ወገራ፣ ወደ ደምቢያና ወደ ስሜን ጎጆዎች የሚያስገባው ደመወዝ የሌለው መልእክተኛ፣ ማለት ከገበያ የሚመለሰው ባላገር ነው። አዋጅ ነጋሪው «የሰማህ ላልሰማህ አሰማ» ማለቱ ለጌጥ አልነበረም፤ የሥራ ትእዛዝ ነበር እንጂ። መንግሥት እስከ አደባባዩ ድረስ ያደርሳል፤ የቀረውን ሰሚው ይጨርሰዋል። ነገሩ የተጻፈ ሲሆን ደግሞ እግረኛው ደብዳቤውን ከተሰነጠቀ በትር ጫፍ ላይ ሰክቶ ይዞት ይሄድ ነበር። ይህ ሥርዐት ዘገምተኛ ቢሆንም የሚናቅ አይደለም፤ ሰሚው ራሱ የመሥመሩ አንድ ክፍል ነበርና።

ይህች የመጨረሻ ርምጃ ስትሰናከል ምን ያህል ጥፋት እንደምታመጣ ግን ከዐፄ ቴዎድሮስ ታሪክ የበለጠ የሚያስረዳ አናገኝም። በቋራ ተወልደው፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በስሜን ደጋ በደረስጌ ማርያም የነገሡት ንጉሠ ነገሥት፣ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው ወዳጅነት ጠየቁ፤ መልእክተኞችም ሊልኩ እንደሚፈልጉ አስታወቁ። በቆንስሉ በካሜሮን በኩል የተሰደደው ይህ ደብዳቤ ያለ አንዳች ሽቦ ደጋውን ወርዶና ባሕር ተሻግሮ፣ ሦስት ወር ከመንፈቅ ያህል ተጉዞ፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1863 ለንደን ገባ። እንግዲህ አስቸጋሪው መንገድ ሁሉ ታለፈ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ደብዳቤው በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ያለ መልስ ቀረ። ከጠረጴዛው እስከ መላሹ እጅ ያለችው ርምጃ ከበረሓው ይልቅ ረዘመች። ንጉሠ ነገሥቱም ዝምታውን እንደ ንቀት ቈጥረው ቆንስሉንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። መልሱን የያዘው ሆርሙዝድ ራሳም ከፊታቸው የቀረበው በጥር 1858 ዓ.ም. ነበር፤ ደብዳቤው ከተጻፈ ከሦስት ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ማለት ነው። ነገሩ ከሮ ከሮ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ላይ በንጉሠ ነገሥቱ ሞት ተፈጸመ። የጦርነቱ ምክንያት አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው አንልም፤ ነገር ግን ደብዳቤው በጊዜው ቢመለስ ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ ሊይዝ ይችል እንደ ነበር ማሰብ ይቻላል። የሚገርመውም፣ በዚያው ዘመቻ የናፒየር ጦር ከዙላ ወደ ደጋው ሲወጣ የቴሌግራፍ ሽቦ ከኋላው እየዘረጋ መምጣቱ ነው። መልስ ለማፋጠን ያልመጣው ሽቦ ጦር ለማፋጠን መጣ።

ከዚህ በኋላ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ስልክ ወደ አገራችን ገባ። ስልኩ በቤተ መንግሥት ሲሞከር የሰይጣን ሥራ ነው ብለው የተቃወሙ እንደ ነበሩ ይነገራል፤ ዳሩ ግን ንጉሠ ነገሥቱ ሥራውን አልተዉትም። ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው መሥመር 477 ኪሎ ሜትር ነበር። ከ1894 እስከ 1896 ዓ.ም. ደግሞ ከአሥመራ እስከ አዲስ አበባ የቴሌግራፍ መሥመር ተሠራ። እነዚህ ሁለት ታላላቅ መሥመሮች አንዱ በምሥራቅ፣ ሁለተኛው በትግራይና በወሎ በኩል ሲያልፉ፣ የቀድሞዪቱ መናገሻ ጎንደር በስተ ምዕራብ ተገልላ ቀረች።

ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. ጎንደርን ይዞ የአማራ ብሎ ለሰየመው ግዛት ዋና ከተማ ባደረጋት ጊዜ በፒያሳ ላይ ፖስታ ቤት ሠራ። ሽቦውም የተዘረጋው ለጦር ሠራዊቱና ለሹማምንቱ እንጂ ለአራዳ ነጋዴ ወይም ለጨዋ ሰፈር ካህን አልነበረም። ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. የጎንደሩ የኢጣልያ ጦር እጁን ሲሰጥ ጦሩ ሄደ፤ ፖስታ ቤቱ ግን ቀረ። ከነጻነት በኋላ መንግሥት በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ ለቴሌኮሙኒኬሽን ሥራ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ተበደረ፤ በ1945 ዓ.ም. ደግሞ የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በጎንደር የተመሠረተው ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ያህል ቈይቶ መሆኑን ልብ ይሏል። ሐኪምና ስልክ እርስ በርሳቸው የሚፈላለጉ ናቸውና።

በዚያ ዘመን በአንድ ሰፈር ውስጥ ስልክ ያለው ቤት ከአንድ ወይም ከሁለት አይበልጥም ነበር። ከሩቅ አገር የተደወለ እንደ ሆነ የቤቱ ልጅ እየሮጠ ሄዶ ተፈላጊውን ይጠራል፤ የመርዶም የምሥራችም መንገዱ ይኸው ነበር። ስለዚህ መሥመሩ እስከ ጎረቤት ቤት ይመጣል፤ የቀረችውን ርምጃ ልጁ ይሮጣታል። እኛ እንደምናየው ይህ ከነጋሪቱ ሥርዐት ብዙ አልራቀም።

የሞባይል ስልክ በ1991 ዓ.ም. ወደ አገራችን ሲገባ አጥሩንም ግድግዳውንም ዘልሎ ከሰው ኪስ ስለ ገባ ርምጃዋ የጠፋች መስላ ነበር። ነገር ግን በአየር የሚመጣው መሥመር ለሁሉ የሚከፋፈል ነውና ተማሪዎች በአንድነት የተነሡበት ሌሊት ይዘገያል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭት በተነሣ ጊዜም የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቈይቷል። የሽቦውን ወዲያኛ ጫፍ የያዘው እጅ ምን ያህል ኀይል እንዳለው የለንደኑን ጠረጴዛ ያወቀ አንባቢ አያጣውም።

አሁን ወደ መስተዋቱ ክር እንመለስ። ቻርልስ ካኦና ጆርጅ ሆካም የተባሉት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1966 እጅግ የጠራ መስተዋት ቢገኝ ብርሃን በውስጡ መልእክት ተሸክሞ ሩቅ መሄድ እንደሚችል አስረዱ፤ ከአራት ዓመት በኋላ የአሜሪካው የኮርኒንግ ኩባንያ ክሩን ሠርቶ አሳየ። ካኦም እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ክሩ 125 ማይክሮ ሜትር ውፍረት ያለው ነው፤ ከሰው ጠጕር ብዙም አይበልጥም። ብርሃን በመስተዋት ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ በመኪና መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን የጎንደርንና የአዲስ አበባን ርቀት ከሴኮንድ ሁለት መቶ ሃምሳኛ ክፍል በማይበልጥ ጊዜ ያልፈዋል። በአገራችን መንግሥት በ1999 ዓ.ም. ከዜድ ቲ ኢ ኩባንያ ጋር 1.5 ቢሊዮን ዶላር የሚሆን ውል ተዋውሎ አገር አቋራጩን የፋይበር መሥመር አስፋፋ፤ በኅዳር 2003 ዓ.ም. የተቋቋመው ኢትዮ ቴሌኮምም ሥራውን ተረክቦ ቀጠለ። ረጅሙ ጎዳና እንደ ገና ታለፈ። የቀረው በሩ ነው።

ከጣቢያው የሚወጣው አንድ ክር በሰፈር ውስጥ በብርሃን መክፈያ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ይከፈላል፤ ከምሰሶው ወይም ከመሬት ውስጥ ቱቦው ወደ ቤቱ የሚገባው ቅርንጫፍ ነው። የቤቱ ባለቤት የመሥመር ሠራተኛው ከመምጣቱ በፊት ሊያስብባቸው ከሚገቡት ነገሮች ፊተኛው ፈቃድ ነው። በጎንደር በአንድ ግቢ ብዙ ተከራይ ይኖራል፤ ክሩም በጎረቤት ግድግዳ ላይ ማለፉ አይቀርም። አከራዩንና ጎረቤቱን ሠራተኛው መሰላል አቁሞ ሳለ ማነጋገር ጠብን መጥራት ነው፤ በዋዜማው ቡና ላይ ማነጋገር ይሻላል። ቤቱ ከፋሲል ግቢ አጠገብ ወይም ከሌላ የቅርስ ቅጥር ጋር የተያያዘ እንደ ሆነ ግን የጎረቤት ፈቃድ አይበቃም። ግቢው እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስ መዝገብ የተጻፈ ነው፤ የ1992 ዓ.ም. የቅርስ ዐዋጅም ያለ ፈቃድ ቅርስን መነካካት ይከለክላል። በኖራ የተያያዘውን የጥንት ግንብ በመሰርሰሪያ ከመብሳት በዙሪያው ሃምሳ ሜትር መዞር ይቀላል።

ሁለተኛው የክሩ አገባብ ነው። የመዳብ ሽቦ ቢጠመዘዝ፣ በበር መቃን ላይ በምስማር ቢመታ ይታገሥ ነበር፤ መስተዋት ግን ሲታጠፍ ብርሃኑ ከመንገዱ ይፈስሳል። ልኩን ለማስታወስ የሚሻ ሰው የክሩ መጠምዘዣ ከቡና ሲኒ አፍ እንዳይጠብ ይበል። ግድግዳው ሲበሳ ቀዳዳው ወደ ውጭ ጥቂት ያዘንብል፤ ክሩም ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ዘንበል ብሎ ይመለስ፤ የሐምሌ ዝናብ ገመዱን ተከትሎ ወደ ቤት እንዳይገባ ነው። አይጥ በሚመላለስበት ጣራ ሥር የሚያልፍ ከሆነ በላስቲክ ቱቦ መሸፈን ያስፈልጋል። የተቈረጠው ጫፍ ስብርባሪ የማይታይ መስተዋት ነውና ልጆች በባዶ እግር በሚሄዱበት ወለል ላይ መውደቅ የለበትም፤ በክሩ ጫፍ ውስጥም በዐይን አይመለከቱም፤ ብርሃኑ ባይታይም ይጎዳል።

ሠራተኞቹ ሞደም የሚሉት ሣጥን የት ይቀመጥ የሚለው ደግሞ በጎንደር የተለየ ክርክር አለው። የጥንቱ የድንጋይ ግድግዳ ብርድን እንደሚከለክል ሁሉ ከሣጥኑ የሚወጣውን የዋይፋይ ማዕበልም ይከለክላል። ስለዚህ ሣጥኑን ከመግቢያው በር ኋላ ወይም ከቁም ሣጥን ውስጥ መሸጐጥ ከንቱ ነው፤ በቤቱ መካከል፣ ከፍ ብሎ፣ ከወጥ ቤቱ እንፋሎትና ከውሃ ርቆ፣ የራሱ ሶኬት ባለበት ይቀመጥ። ብረት ምጣዱ ከተሰካበት ዲቫይደር ላይ መደረብ መልካም አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው የመብራት ነገር ነው። የጥንቱ የመዳብ ስልክ የሚሠራበትን 48 ቮልት ከጣቢያው ባትሪ በዚያው ሽቦ ይቀበል ስለ ነበር፣ መብራት ጠፍቶ ከተማው ሁሉ ሲጨልም እንኳ ይናገር ነበር። መስተዋት ግን ኤሌክትሪክ አይሸከምም። በቤቱ መብራት ሲጠፋ ሣጥኑ ይዘጋል፤ ክሩ ደኅና ሆኖ ሳለ ቤቱ ዲዳ ይሆናል። ይህ አዲሱ ከአሮጌው ያነሰበት አንዱ ስፍራ ስለ ሆነ አስተዋዋቂዎቹ ብዙ ሲያነሡት አንሰማም። ሣጥኑ የሚፈጀው ኀይል ጥቂት ነው፤ የሚስማማው አነስተኛ ባትሪ ለሰዓታት ያቆየዋል። ሕመምተኛ ላለበት፣ ወይም በሌሊት የሚጠራ ሐኪምና አዋላጅ ለሚኖርበት ቤት ባትሪው ከሣጥኑ እኩል መታሰብ አለበት።

ወደ ደጋው ሲወጡ ይኸው ጠባይ በሌላ በኩል በረከት ይሆናል። ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ ከዚያም በሊማሊሞ ጫፍ ላይ፣ በክረምት መብረቅ የሚወርድበት አገር ነው። የመዳብ ሽቦ መብረቁን እየሳበ ስልኩንም የጣቢያውንም ዕቃ ያቃጥላል፤ መስተዋቱ ራሱ ግን መብረቅን አያስተላልፍም። ገመዱን የሚደግፍ ብረት ካለው ብረቱ ከቤቱ ውጭ መቅረትና ከመሬት ጋር መያያዝ ይገባዋል። በከፍተኛ ኀይል መሥመር አናት ላይ በሚሄደው የመከላከያ ሽቦ ሆድ ውስጥ ፋይበር የማሳለፍ ዘዴም በአገራችን የሚሠራበት ስለ ሆነ፣ ገደሉን ሳይቈፍሩ መሻገር ተችሏል። ይሁን እንጂ ለመኖሪያ ቤት በሚሠራበት ዘዴ ከጣቢያው እስከ ቤቱ ያለው ርቀት ከ20 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲያልፍ አይመከርም፤ የስሜን ጎጆዎችም በየሸንተረሩ የተበተኑ ናቸው። ስለዚህ በዚያ አገር ክሩ መጀመሪያ ሊገባበት የሚገባው ቤት ትምህርት ቤቱና ጤና ጣቢያው ነው እንላለን፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የሰማው ላልሰማው ያሰማል።

በከተማው ውስጥ ሠራተኛው ሥራውን ጨርሶ መሰላሉን ከማውረዱ በፊት የሚደርሰውን ብርሃን በመለኪያው ለክቶ ቍጥሩን እንዲናገር መጠየቅ የባለቤቱ መብት ነው። መለኪያው ከዜሮ በታች 20 ዲቢኤም አካባቢ ቢያሳይ መልካም ነው፤ ከዜሮ በታች ወደ 27 የተጠጋ እንደ ሆነ ግን በአንድ ስፍራ ክሩ ታጥፏል ወይም መጋጠሚያው ቆሽሿል ማለት ነውና ሳይሄድ ይፈለግ። ቍጥሩንና ቀኑን በሣጥኑ ጀርባ በብዕር መጻፍ ይገባል፤ በሚመጣው ክረምት መሥመሩ ቢዘገይ፣ አዲሱ ልክ ከዚያ ጋር ይተያያል።