የዊንጌት ስምና የጉባኤ በር

በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ክፍል፣ በጉለሌ፣ የታክሲ ረዳት «ዊንጌት» እያለ ሲጣራ የሚሳፈረው ሰው የሚያስበው መውረጃውን እንጂ ስሙ የማን እንደ ነበረ አይደለም። ስሙ ግን ታሪክ አለው። ኦርድ ዊንጌት የጌዴዎንን ጦር እየመራ ከአርበኞች ጋር በጎጃም በኩል የዘመተ የእንግሊዝ መኮንን ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ዋና ከተማቸው ሲመለሱም አብሯቸው ገብቷል። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1944 በአውሮፕላን አደጋ ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1946 በስሙ የተሰየመው የጄኔራል ዊንጌት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በጉለሌ ተቋቋመ። ከጊዜ ብዛት የሰውየው ስም የትምህርት ቤት፣ የትምህርት ቤቱም ስም የሰፈር ስም ሆነ።

ትምህርት ቤቱ በእንግሊዛውያን መምህራን ይመራ ስለ ነበር ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር። በዚያ ከተማሩት መካከል ጸጋዬ ገብረ መድኅንና በዓሉ ግርማ ይገኙበታል። ሁለቱም በባዕድ ቋንቋ ተምረው ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታላላቅ ሥራዎችን ማበርከታቸው፣ የተማሩበት ቋንቋ የአእምሯቸው ጌታ እንዳልሆነ ያስረዳል። ይሁን እንጂ ከዚያ ዘመን አንሥቶ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ እንግሊዝኛ በመሆኑ፣ የኢትዮጵያ ምሁር የምርምሩን ውጤት ለዓለም የሚያቀርበው በዚሁ ቋንቋ ሆኖ ቀርቷል። ዊንጌትና መሰሎቹ ትምህርት ቤቶች ቁልፉን ሰጡ ማለት ይቻላል፤ በሩ የት እንደሚተከል የሚወስኑት ግን ሌሎች ነበሩ።

የበሩ ስፍራ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ታሪክ ያሳያል። የመጀመሪያው ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1959 በሮም፣ ሁለተኛው በ1963 በማንቸስተር ሲደረግ፣ ስለ ኢትዮጵያ ይናገሩ የነበሩት በአብዛኛው አውሮፓውያን ሊቃውንት ነበሩ። ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ1966 በአዲስ አበባ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ጊዜ ግን የሚጠናው ሕዝብ ልጆች በገዛ አገራቸው አዳራሽ ተቀምጠው ለመስማትም ለመሟገትም ቻሉ። የጉባኤ ስፍራ የጉዞ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ፣ የሚነገረውንና የሚናገረውንም የሚወስን መሆኑ ከዚህ ይታያል።

ይኸው ጥያቄ በአዲሱ የኮምፒዩተር ሳይንስ ዘርፍ እንደገና ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ1988 ገደማ በካሊፎርኒያ፣ በዜሮክስ ኩባንያ የፓሎ አልቶ ምርምር ማእከል፣ ማርክ ዋይዘር የተባለ ተመራማሪ ኮምፒዩተር በየስፍራው ተሠራጭቶ ከኑሮ ዕቃ ጋር ሊዋሐድ እንደሚገባ ማስተማር ጀመረ። በ1991 ባሳተመው ጽሑፍም በመዳፍ የሚያዝ፣ በወረቀት ገጽ ልክ የተሠራና በጥቁር ሰሌዳ መጠን የሚሰቀል መሣሪያ እንደሚኖር ገለጸ። የሐሳቡ ፍሬ ነገር፣ እጅግ የተሳካ መሣሪያ ተጠቃሚው መኖሩን እስኪረሳው ድረስ ከኑሮው ጋር የተዋሐደው ነው የሚል ነው። የዊንጌት ተሳፋሪ ስለ መኮንኑ ሳያስብ ስሙን እንደሚጠራ ሁሉ፣ የወደፊቱ ሰውም ስለ ኮምፒዩተሩ ሳያስብ እንዲገለገልበት ታቀደ።

ይህን ሐሳብ ይዘው የተነሡ ጉባኤዎች ብዙ ሳይቆዩ ተመሠረቱ። በኋላ ዩቢኮምፕ የተባለው እ.ኤ.አ. በ1999 በጀርመን ካርልስሩኸ፣ ፐርቬሲቭ በ2002 በስዊዘርላንድ ዙሪክ፣ ፐርኮም በ2003 በአሜሪካ ፎርት ዎርዝ ጀመሩ። ዩቢኮምፕና ፐርቬሲቭ በ2013 ተዋሐዱ። ሊዘነጋ የማይገባው ነገር፣ የካርልስሩኸ ጉባኤ በተደረገበት በዚያው 1999 የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቶ በዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር መለያ የታወቀ ስፍራ ማግኘቱ ነው። ኮምፒዩተር በየቤቱ ይግባ ተብሎ በሚመከርበት ዓመት፣ «ሀ» እና «ለ» ወደ ኮምፒዩተር መግቢያ ፈቃድ ገና ማግኘታቸው ነበር።

ለእነዚህ ጉባኤዎች ጽሑፍ የሚቀርብበት ሥርዓት በመልኩ ፍትሐዊ ነው። በብዙዎቹ ዘንድ ጸሐፊው ስሙንና የሚሠራበትን ተቋም ከጽሑፉ ላይ ያጠፋል፤ ገምጋሚዎቹም ማንነታቸው አይገለጥም። በብዙዎቹ ጉባኤዎች ዘንድ የመጨረሻው ቀን የሚያበቃው በምድር ላይ ቀኑ መጨረሻ በሚመሽበት ስፍራ ሰዓት ነው። ይህም በአዲስ አበባ ሲቈጠር በማግስቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ በጉለሌ የሚሠራ ተመራማሪ ከማንም ያላነሰ ጊዜ አለው፤ ስሙም ተሰውሮለታል። ጽሑፉ የሚመዘነው በራሱ ብቻ ነው ማለት ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ጽሑፉ ከተመረጠ በኋላ ነው። ጽሑፍ ያለ ስም ይጓዛል፤ ሰው ግን ያለ ፓስፖርትና ያለ ቪዛ አይጓዝም። ቲምኒት ገብሩና ረድኤት አበበ፣ ሁለቱም የአዲስ አበባ ተወላጆች፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የጥቁር ተመራማሪዎችን ኅብረት በሰው ሠራሽ አስተውሎት ዘርፍ ሲመሠርቱ ይህን ጉዳይ በይፋ አነሡ። በ2018 በካናዳ ሞንትሪያል በተደረገው ታላቅ ጉባኤ ላይ ሊገኙ ከነበሩት አፍሪካውያን በርካቶቹ ቪዛ ተከለከሉ። አይ.ሲ.ኤል.አር. የተባለው ጉባኤ በ2020 በአዲስ አበባ እንዲደረግ መወሰኑ በዚያው ዓመት ሲታወቅ፣ ለዚህ እንቅፋት እንደ መፍትሔ ተቈጥሮ ነበር። 2,594 ጽሑፎች ቀርበው 687 ተመረጡ። ነገር ግን የኮሮና ወረርሽኝ በመነሣቱ ጉባኤው በኢንተርኔት ብቻ ተካሄደ፤ ለእንግዶች የታሰበው የአዲስ አበባ አዳራሽም ሳያስተናግዳቸው ቀረ። ጉባኤው በአፍሪካ ምድር የተደረገው በ2023 በኪጋሊ ነው።

ይህ ነገር የሚከብደው በተለይ በየስፍራው የሚገኘውን ኮምፒዩተር በሚያጠናው ዘርፍ ነው። የፊዚክስ ሊቅ የሚመረምረው አቶም በዙሪክም በጉለሌም ያው ነው። የዚህ ዘርፍ ቤተ ሙከራ ግን ማእድ ቤቱ፣ መንገዱ፣ ገበያውና የሕክምና መጠበቂያው ነው። መብራት በሚቋረጥበት፣ አንድ ስልክ ቤተሰብ በሙሉ በሚገለገልበት፣ ማንበብ የማይችል ሽማግሌ ልጁን «እስቲ ደውልልኝ» በሚልበት ቤት የተሠራ ምርምር፣ እንዲህ ያለውን ኑሮ አይቶ ለማያውቅ ገምጋሚ እንግዳ ነገር ነው። ገምጋሚው በክፋት ሳይሆን ባለማወቅ «ጥያቄው ጠባብ ነው» ሊል ይችላል። ስም መሰወር አድልዎን ይቀንሳል፤ አለማወቅን ግን አያስቀርም። አለማወቅን የሚያስቀረው ፊት ለፊት መገናኘትና ከገምጋሚዎቹም መካከል አገሩን የሚያውቅ መኖሩ ነው።

ለዚህም ጅምር አልታጣም። እ.ኤ.አ. በ2015 አፍሪኮን የተባለው የመሐንዲሶች ጉባኤ በአዲስ አበባ ተካሂዷል፤ በ2017ም በባሕር ዳር የመረጃና ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ ለአፍሪካ ልማት ያለው ድርሻ የተመከረበት ጉባኤ ተደርጓል። እንዲህ ባሉት ጉባኤዎች ወጣት ተመራማሪ ባሕር ሳይሻገር መጻፍን፣ መገምገምንና ተገምግሞ ማረምን ይማራል። ውድቅ የተደረገ ጽሑፍ ውርደት አለመሆኑን፣ የገምጋሚ ነቀፋም ያለ ክፍያ የተገኘ ትምህርት መሆኑን የሚረዳው በዚህ ልምምድ ነው።

ከዚህ የተነሣ ለሙያው ሰዎች የሚቀረው ሥራ ግልጽ ነው። ልምድ ያለው ባልደረባ የጀማሪውን ረቂቅ ጊዜ ሳያልፍ ማንበብ፣ በገምጋሚነት ሲጠየቅ «ጊዜ የለኝም» ብሎ አለመመለስ፣ የውጭው ጉባኤ ወደ አገር እንዲመጣ መጣር፣ የአገሩም ጉባኤ በጥራቱ እንዲከበር መትጋት ይገባዋል። በጉለሌ የተተከለው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት በኋለኛው ዘመን የቴክኒክ ሙያ ማሠልጠኛ ሆኗል፤ በዚያ የሚሠለጥነው ወጣት ነገ መሣሪያውን የሚሠራና የሚጠግን ነው። አያቶቹ በሌላ ሰው ስም በተሰየመ ቤት፣ በሌላ ሰው ቋንቋ ተምረው የራሳቸውን ቃል ተናግረዋል። እርሱም ስሙን ሰውሮ የላከው ጽሑፍ ሲመረጥ፣ ስሙን ገልጦ በአዳራሹ መድረክ ላይ መቆም ይገባዋል።