ያልተሰበሰበው ጫማ

ለመሆኑ ጫማ ታሪክ አለውን? ይህ ጥያቄ ቢቀርብልን ብዙዎቻችን ፈገግ ብለን የምናልፈው ይመስለኛል። በየሙዚየሞቻችን የነገሥታቱ ካባ፣ የአርበኞቹ ጋሻና ጎራዴ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱ መስቀል በክብር ተደርድሯል። ያንን ሁሉ ታሪክ ተሸክሞ ዳገት የወጣውና ቁልቁለት የወረደው እግር ምን ተጫምቶ እንደ ነበር የሚያሳይ መደርደሪያ ግን ማግኘት አይቀናንም። ሰው ከራሱ እስከ ጉልበቱ ታሪክ ተጽፎለት፣ ከቁርጭምጭሚቱ በታች የተረሳ ይመስላል።

በሌላው ዓለም ነገሩ ከተለወጠ ሰንብቷል። ስኒከር የሚባለውን፣ እኛ «ሸራ ጫማ» እያልን ያደግንበትንና ዘመዶቹን መሰብሰብ ቴምብርና ሣንቲም ከመሰብሰብ የማይተናነስ ሥራ ሆኗል። የዚህ ጫማ ታሪክ የሚጀምረው ከጎማ ነው። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር ጎማን ከድኝ ጋር በሙቀት አዋህዶ፣ በበጋ የማይቀልጥ በክረምትም የማይሰነጣጠቅ የሚያደርገውን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1844 በስሙ አስመዘገበ። ሸራና ጎማ ተጋብተው ቀላልና ርካሽ ጫማ ሊወለድ የቻለው ከዚያ ወዲህ ነው። የኮንቨርስ ኩባንያ ኦል ስታር የተባለውን የቅርጫት ኳስ ጫማ በ1917 አወጣ፤ ናይክ ደግሞ በ1985 ኤር ጆርዳንን ለገበያ አቀረበ። ቀስ በቀስም አንዱን ጥንድ ተጫምቶ ሌላውን ከነካርቶኑ የሚያስቀምጥ ትውልድ ተፈጠረ።

ዋጋውም አብሮ ናረ። የናይክ መሥራች ከነበሩት አንዱ፣ አሠልጣኙ ቢል ባወርማን፣ ከሚስቱ ማእድ ቤት ያነሣውን የዋፍል መጋገሪያ ብረት ለሶል ቅርጽ ማውጫ አድርጎት ነበር። በዚህ ሐሳብ ለ1972 የአሜሪካ የኦሊምፒክ ማጣሪያ በእጅ ከተሠሩት ጥቂት ጥንዶች አንዱ በ2019 በሶዘቢስ ጨረታ 437,500 ዶላር ተሸጠ። በካናዳዋ ቶሮንቶ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1995 የተከፈተው የባታ የጫማ ሙዚየምም በ2013 ለስኒከር ታሪክ ራሱን የቻለ ትርኢት አዘጋጅቶለታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ስብስብ ማለት ክምር ማለት አይደለም። ክምርን ስብስብ የሚያሰኙት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ዐይነቱን መለየት፣ ታሪኩን መመዝገብና እንዳይጠፋ መጠበቅ። ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። የብዙ ዘመናዊ ጫማዎች ሶል የሚሠራው ፖሊዩሬቴን ከሚባል ውሁድ ሲሆን፣ ይህ ውሁድ በአየር ውስጥ ባለው እርጥበት ምክንያት ከዓመታት በኋላ ይፈራርሳል፤ ሙቀትም ያፋጥነዋል። ስለዚህ ማንም ሳይረግጠው በካርቶን የኖረ ጫማ አንድ ቀን ሲያወጡት እንደ ደረቀ ዳቦ ሊፈረፈር ይችላል። ሰብሳቢው የሚታገለው ከገበያው ጋር ብቻ ሳይሆን ከጊዜ ጋርም ነው።

በዚህ መለኪያ ወደ ራሳችን ስንመለስ ምን እናገኛለን? ለብዙ ዘመን አብዛኛው ሕዝባችን በባዶ እግሩ ሄዷል። ቀጥሎ ካረጀ የመኪና ጎማ የሚቆረጠው በረባሶ መጣ፤ ፕላስቲኩ ኮንጎ ጫማ ገጠሩን አዳረሰ፤ ሸራ ጫማ የተማሪው፣ የስፖርተኛውና የወዛደሩ ሆነ። በአዲስ አበባ አርመኖች ያቋቋሙት ዳርማር የጫማ ፋብሪካ ከአብዮቱ በኋላ የመንግሥት ሆኖ አንበሳ ተባለ። ይህ ሁሉ የትናንት ታሪክ ነው። ሆኖም ከዚያ ዘመን በመልካም ይዞታ የተረፈ አንድ ጥንድ ሸራ ጫማ እንፈልግ ብንል ብዙ መድከማችን አይቀርም።

የጠፋበት ምክንያት ግልጽ ነው። በእኛ አገር ጫማ አይቀመጥም፤ ያልቃል። ታላቅ ሲጠበው ለታናሽ ያልፋል፤ ሲቀደድ ይሰፋል፤ ሶሉ ሲሳሳ የጎማ ቁራጭ ይለበጥበታል፤ መጨረሻ ላይ ማሰሪያው እንኳ ተፈትቶ ለሌላ ሥራ ይውላል። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ከድህነት ይልቅ የሚያሳፍር ነው። ቆዳ የሚያለፋውንና ጫማ የሚሰፋውን ባለሙያ «ፋቂ» እያለ ሲንቅ የኖረ ኅብረተሰብ፣ የዚያን ሰው የእጅ ሥራ ቅርስ ብሎ ያስቀምጥ ዘንድ አይጠበቅም ነበር።

ይህን በአካባቢ ተወስነን ብናየው ይበልጥ ይገለጣል። አጣዬ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ፣ የኤፍራታና ግድም ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከእርሷ ብዙ በማይርቀው ሰንበቴ በየእሑዱ በሚቆመው ሰፊ ገበያ የደጋው አማራ፣ የቆላው ኦሮሞና ከበረሃው የሚመጣው አፋር ይገናኛሉ። በእንዲህ ያለው ገበያ ሰውን ከእግሩ ማንበብ ይቻላል። ዳገት የወረደው እግር፣ አሸዋ ያቋረጠው እግርና ከመኪና የወረደው እግር አንድ ዐይነት ጫማ አይጫሙም፤ ሶላቸውም በአንድ ወገን አይበላም። የአንድ ዘመን የይፋት ጫማ ተሰብስቦ ቢሆን ኖሮ የመንገዱን፣ የንግዱንና የጉርብትናውን ታሪክ ያለ ብዙ ቃል ይነግረን ነበር።

በጫማ ታሪካችን ዓለም የሚያውቀው አንድ ስም ቢኖር የዚሁ የሸዋ ምድር ልጅ ነው። በደብረ ብርሃን አቅራቢያ ጃቶ በተባለ ስፍራ የተወለደው አበበ ቢቂላ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ የሮምን ማራቶን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ባዶ እግሩን መሮጡን ጫማ ከማጣት ጋር ብቻ የሚያያይዙት አሉ፤ ነገሩ ግን ምርጫም ነበረበት። ሮም ላይ ያገኘው አዲስ ጫማ አልተመቸውም፤ እግሩ ደግሞ ያለ ጫማ መሮጥን ያውቅ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ኦሳካ ላይ ለመወዳደር ጃፓን ሲሄድ፣ በኋላ አሲክስ የተባለውን ድርጅት የመሠረቱት ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ የራሳቸውን ጫማ እንዲያደርግ አግባቡት። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ድሉን ሲደግም ግን የተጫማው ፑማ ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ ያ አንድ እግር የጫማ ፋብሪካዎች ሁሉ የሚመኙት ሆነ።

ምኞቱ ከሞቱም በኋላ አልቀረም። የጣሊያኑ ቪብራም ኩባንያ ባዶ እግርን የሚመስል ባለ አምስት ጣት ጫማ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 «ቢቂላ» በሚል ስም ለገበያ አቀረበ። ቤተሰቡ በ2015 አሜሪካ ውስጥ ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱ ግን ክሱ ዘግይቷል በማለት ለኩባንያው ፈረደ። የሕጉን ነገር ለሕግ ዐዋቂዎች እንተወው። ለእኛ የሚቀረው ትምህርት ግን አጭር ነው፤ የራሱን ታሪክ በጊዜው ያልያዘ ሰው፣ ሌላው ከያዘው በኋላ ባለቤትነቱን ማስረዳት ይቸግረዋል።

ታሪኩ አሁንም ይቀጥላል። መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ትዕግሥት አሰፋ በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ በወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን የሆነውን ሰዓት ስታስመዘግብ የተጫማችው የአዲዳስ ጫማ አንዱ 138 ግራም ብቻ የሚመዝን፣ 500 ዶላር የሚሸጥና ከአንድ ማራቶን ብዙ እንዲያልፍ ያልታሰበ ነበር። በመጀመሪያ የቀረበውም 521 ጥንድ ብቻ ነው። ከአበበ ባዶ እግር ስድሳ ሦስት ዓመት ተጉዞ፣ ጫማ ክብደቱን እየጣለ ወደ ባዶ እግር የተመለሰ ያስመስላል። እነዚህን ሁለት ጫፎች የያዘች አገር የስኒከር ስብስብ ለማቋቋም ከማን ታንሳለች? የስብስቡ የመጀመሪያ መደርደሪያ ባዶ ይሆናል፤ ከሥሩም «ሮም፣ 1952 ዓ.ም.» ተብሎ ይጻፍበታል።

ነገሩ ጊዜ የማይሰጥ ለመሆኑ አጣዬ ምስክር ናት። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በደረሰው ጥቃትና ግጭት ሰዎች ሞቱ፣ ከተማዋም ክፉኛ ተቃጠለች፤ በተከታዩ ዓመት ኅዳር ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ወደዚያው ወረደ። ሰው በሞተበት ስፍራ ስለ ጫማ ማውራት ነውር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የሸሸ ሰው ይዞ የሚወጣው እግሩ ላይ ያለውን ነው። የአባቱ ሸራ፣ የልጁ የመጀመሪያ ጫማ፣ የትምህርት ቤቱ ቡድን ታኬታ ከቤቱ ጋር ዐመድ ሲሆኑ፣ የዚያ ቤተሰብ የተራ ቀን ታሪክ አብሮ ይጠፋል። የመከራውን ቀን ታሪክ ጸሐፊ ይጽፈዋል፤ የተራውን ቀን ግን ዕቃው ካልነገረን ማን ይነግረናል?

ታዲያ ከየት እንጀምር? ያልተነካ ጫማ የሚያሳድደው የውጭው ሰብሳቢ ስልት ለእኛ አይበጅም፤ የእኛ ክቡር ጥንድ የተለበሰው፣ የተሰፋውና የተለበጠው ነው። መምህር ተማሪዎቹን ከየቤታቸው አንዳንድ ያረጀ ጫማ በፈቃድ እንዲያመጡ ይጠይቅ። ማን እንደ ተጫማው፣ የት እንደ ተገዛ፣ ስንት እንዳወጣ፣ ማን እንደ ሰፋው በካርድ ይጻፍ። ጫማ ሰፊውም ተጋብዞ የስፌቱን ዐይነት ያስረዳ፤ የዚህ ስብስብ ሊቅ እርሱ ነውና። ጭቃው አይታጠብ፤ ጭቃም መረጃ ነው። ውስጡ በወረቀት ተሞልቶ፣ ከፀሐይና ከጋለ ቆርቆሮ ሥር ርቆ፣ አየር በሚያገኝ ደረቅ ሣጥን ይቀመጥ። የይፋት ሙቀት ማስቲሹን ከማድረቁ በፊት ፎቶግራፉ ይነሣ።

ለዚህ ሥራ ጨረታ ቤትም ዶላርም አያስፈልግም። አንድ መደርደሪያ፣ አንድ መዝገብና በየቤቱ አልጋ ሥር የተረሳውን ጥንድ ጎንበስ ብሎ የሚያወጣ ሰው ይበቃል።