አራት ነጥብ አምስት ኮከብ በገዳሪፍ ምን ማለት ነው? የስልክ ጨዋታዎች ምዘናና የድንበር አካባቢ ተጫዋቾች

አንድ ሰው ጨዋታ ወደ ስልኩ ከማውረዱ በፊት በአብዛኛው የሚመለከተው አንድ ቁጥር ነው፤ ጨዋታው ከአምስት ኮከብ ስንት እንዳገኘ። ቁጥሩ አዲስ አበባም ሆነ ለንደን ለተቀመጠ ሰው እኩል ግልጽ ይመስላል። ነገር ግን ኮከቡን የሰጡት ሰዎች ኢንተርኔታቸው የማይቋረጥ፣ ስልካቸውን ማታ ቻርጅ ላይ ሰክተው የሚተኙ ከሆኑ፣ ያው ቁጥር በምሥራቅ ሱዳን ገዳሪፍ ወይም በመተማ ዮሐንስ ለሚገኝ ተጫዋች የሚነግረው ነገር ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ የጨዋታ ምዘና እንዴት እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚያስቀርና በዚህ አካባቢ ያለ ሰው አንድን ጨዋታ በምን ሊመዝነው እንደሚችል ይመለከታል።

ገዳሪፍ በሰሊጥና በማሽላ እርሻዋ የምትታወቅ፣ ከኢትዮጵያ ጋር የምትዋሰን ግዛት ናት። እአአ ከኅዳር 2020 ጀምሮ የትግራይን ጦርነት የሸሹ ከ50 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ ምሥራቅ ሱዳን የተሻገሩ ሲሆን፣ ብዙዎቹ በገዳሪፍ ግዛት በሚገኙት የኡም ራኩባና የቱናይድባ መጠለያዎች ሰፈሩ። በሚያዝያ 2023 ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ ጉዞው በተቃራኒው ሆነ፤ በጋላባት በኩል ወደ መተማ የተሻገሩ ሱዳናውያንና ሌሎች ስደተኞች በምዕራብ ጎንደር በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ተቀመጡ። ገዳሪፍ ራሷ ከካርቱምና ከሌሎች ግዛቶች የተፈናቀሉትን ተቀበለች።

በእነዚህ ዓመታት ኢንተርኔት በድንበሩ በሁለቱም ወገን ሲጠፋ ሲመጣ ቆይቷል። ትግራይ ለሁለት ዓመት ገደማ ከግንኙነት ውጭ ነበረች። በአማራ ክልል ከነሐሴ 2023 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጧል። በሱዳንም በየካቲት 2024 የስልክ ኩባንያዎች አገልግሎት በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ቆሞ ነበር።

በዚህ ሁኔታ ውስጥ ላለ ሰው ጨዋታ ማውረድ ቀላል ውሳኔ አይደለም። የገዛው የዳታ ጥቅል ለጨዋታው ካለቀ በሌላ አገር ላለ ዘመዱ መደወያ አይኖረውም። የስልኩ ሚሞሪ ሞልቶ ከሆነ ቦታ ለማግኘት አንድ ነገር ማጥፋት አለበት፤ ከቤቱ ይዞት የወጣው ነገር ፎቶ ብቻ ለሆነ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ነጥቡ ከየት ይመጣል?

ለቪዲዮ ጨዋታ ነጥብ መስጠት የተጀመረው በመጽሔቶች ነው። በጃፓን እአአ በ1986 የተመሠረተው ፋሚትሱ መጽሔት አራት ገምጋሚዎች እያንዳንዳቸው ከአሥር ነጥብ እንዲሰጡ አድርጎ ድምሩን ከ40 ያወጣ ነበር። ሙሉ 40 ያገኘው የመጀመሪያው ጨዋታ በ1998 የወጣው ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ፦ ኦካሪና ኦፍ ታይም ነው። በ2001 ሥራ የጀመረው ሜታክሪቲክ የተባለው ድረ ገጽ ደግሞ የብዙ ሐያስያንን ነጥብ ሰብስቦ ከመቶ አንድ አማካይ ያወጣል። ለየትኛው ሐያሲ ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጥ ግን በይፋ አይናገርም።

እነዚህ ምዘናዎች በዋናነት የተሠሩት ለኮምፒውተርና ለጨዋታ ማጫወቻ መሣሪያዎች ነው። ሰዎች ወረፋ ሲጠብቁ፣ በእረፍት ሰዓታቸው ለደቂቃዎች የሚከፍቷቸውን ቀላል የስልክ ጨዋታዎች ሐያስያን እምብዛም አይነኳቸውም። ስለዚህ የእነዚህ ጨዋታዎች ዳኛ የመተግበሪያ መደብሩ ኮከብ ሆኖ ቀርቷል፤ ዳኞቹም ተጫዋቾች ናቸው።

ኮከቡ ግን ተራ አማካይ አይደለም። ጉግል ፕሌይ እአአ ከ2019 ወዲህ ለቅርብ ጊዜ ምዘናዎች የበለጠ ክብደት ይሰጣል። ከኅዳር 2021 ጀምሮ ደግሞ የስልክ ተጠቃሚ የሚያየው ኮከብ መለያው በተመዘገበበት አገር ያሉ ሰዎች የሰጡትን ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ የሌላ አገር ሰው ቅሬታ የእርስዎ ላይሆን ይችላልና። በድንበር አካባቢ ግን እንግዳ ውጤት ያመጣል። ከሑመራ ወጥቶ በኡም ራኩባ የሚኖር ሰው የመለያው አገር ኢትዮጵያ ከሆነ፣ የሚያየው በኢትዮጵያ ያሉ ተጠቃሚዎች የሰጡትን ኮከብ እንጂ እንደ እርሱ በሱዳን መረብ የሚጫወቱትን አይደለም። የመለያውን አገር መቀየር የሚቻለው በዓመት አንድ ጊዜ ሲሆን፣ ለዚያም የአዲሱ አገር የመክፈያ ዘዴ ያስፈልጋል። የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ለሚቸገር ስደተኛ ይህ በር በተግባር የተዘጋ ነው።

ሌላም ክፍተት አለ። ብዙ የጨዋታ ሠሪዎች ኮከብ እንዲሰጣቸው የሚጠይቁት ተጫዋቹ አንድን ደረጃ እንዳሸነፈ፣ ደስታው ሳይበርድ ነው። ኢንተርኔት ስለሌለው ጨዋታው አልከፈት ያለው ሰው በዚያች ቅጽበት ኮከብ መስጠትም አይችልም። ጨዋታውን ከመደብሩ ሳያወርድ ከጓደኛው በብሉቱዝ የተቀበለ ሰውም በአብዛኛው ከቆጠራው ውጭ ነው። በዚህ አካባቢ ደግሞ እንዲህ ያለው ቅብብል የተለመደ ነው።

ከዚህ ሆኖ ሲመዘን

ታዲያ ለዚህ አካባቢ የሚስማማ ምዘና ምን ይመስላል? እኔ ከአሥር ነጥብ ሦስቱን ያለ ኢንተርኔት ለመሥራቱ፣ ሁለቱን ለክብደቱና ባትሪ ለመቆጠቡ፣ ሁለቱን ለማስታወቂያው ልክ፣ የቀሩትን ሦስቱን ለራሱ ለጨዋታው እሰጣለሁ። ሦስት ነጥብ ለጨዋታው ያንሳል የሚል ይኖራል። ያልተከፈተ ጨዋታ ግን አያስደስትም።

በዚህ ሚዛን ፐብጂ ሞባይልና ፍሪ ፋየር፣ የቱንም ያህል ወጣት ቢወዳቸው፣ ከአምስት በላይ ሊያገኙ አይችሉም። ሁለቱም ያለማቋረጥ ከሰርቨር ጋር መገናኘት አለባቸው፤ መረቡ ለሁለት ሰከንድ ሲቆም ተጫዋቹ ተመትቶ ወድቋል። በየጊዜው የሚመጣው ማሻሻያቸውም ዳታና ሚሞሪ ይበላል።

በ2016 በሕንድ የተሠራው ሉዶ ኪንግ የተለየ ነው። ያለ ኢንተርኔት ከስልኩ ጋር መጫወት ይቻላል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ብዙ ሰዎች አንዱን ስልክ እየተቀባበሉ ይጫወቱበታል። በአንድ ቤተሰብ አንድ ስልክ ባለበት ቦታ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዳይስና ቀለም ማንበብ ፊደል አይጠይቅምና ዐረብኛ ተናጋሪ ሱዳናዊና አማርኛ ወይም ትግርኛ ተናጋሪ ኢትዮጵያዊ እኩል ይቀመጡበታል። ኢንተርኔት በተከፈተ ቁጥር ብቅ የሚለው ማስታወቂያው ነጥብ ያስቀንሰዋል። ስምንት ከአሥር።

በዴንማርክ ተሠርቶ በ2012 የወጣው ሰብዌይ ሰርፈርስ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ አንድ ጣት ይበቃዋል፤ ማንበብም አይጠይቅም። በፍጥነት የሚንቀሳቀሰው ሥዕሉ ግን ያረጀን ስልክ ያሞቃል፣ ባትሪውንም ቶሎ ይጨርሳል። ሰባት እሰጠዋለሁ። በዚያው ዓመት የወጣው ካንዲ ክራሽም ያለ መረብ ይከፈታል፤ ነገር ግን አምስቱ ሕይወቶች ሲያልቁ አንዷ እስክትመለስ 30 ደቂቃ ያስጠብቃል፤ ወይም ክፈል ይላል። ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ የሌለው ሰው መጠበቅ ብቻ ነው ዕጣው። ስድስት በቂው ነው።

ከሁሉ የሚልቀው በጣም ትንሹ ነው። ጣሊያናዊው ወጣት ጋብርኤሌ ቺሩሊ በ2014 የሠራው 2048 ቁጥሮችን እያጣመሩ የሚጫወቱት ነው፤ ክብደቱ ከአንድ ፎቶ እምብዛም አይበልጥም። ሠሪው ኮዱን ለሁሉ ክፍት ስላደረገው መደብሩ ውስጥ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ቅጂዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ በማስታወቂያ የታጨቁ ናቸው። ማስታወቂያ የሌለበት ቅጂ ዘጠኝ ይገባዋል።

ስለ ማስታወቂያ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። በጨዋታ መካከል የሚታየው የሌላ ጨዋታ ማስታወቂያ ከእውነተኛው ጨዋታ ጋር ላይመሳሰል ይችላል። የብሪታንያ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ በ2020 የሆምስኬፕስና የጋርደንስኬፕስ ማስታወቂያዎችን ያገደው የሚያሳዩት በጨዋታው ውስጥ በብዛት ከሚገኘው የተለየ ስለሆነ ነው። ለንደን ያለ ሰው ተታልሎ ቢያወርድ ያጠፋዋል፣ አለቀ። ገዳሪፍ ያለው ግን የወሩ ዳታው አብሮ ሄዷል።

የቋንቋ ጉዳይም አለ። ዐረብኛ በብዙ ትልልቅ ጨዋታዎች ይገኛል፤ አማርኛና ትግርኛ ግን እምብዛም። አዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ በ2018 ያወጣው ኩኩሉ፣ ዶሮ ከአሳዳጅ እየሮጠች የምታመልጥበት ጨዋታ፣ ከአገር ቤት ኑሮ ከወጡት ጥቂት ሥራዎች አንዱ ነው። ይኸው ድርጅት ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቶታል። ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር ስለ ገበጣና በአፍሪካ ቀንድ ስላሉ ዘመዶቹ ሰፊ ጥናት አሳትመዋል። ሱዳናውያንም በአሸዋ ላይ አደባባይ ሠርተው ሲጃ ይጫወታሉ። በነገራችን ላይ፣ መሬት ላይ የተቆፈረ ገበጣ በእኔ ሚዛን ለኢንተርኔት፣ ለባትሪና ለማስታወቂያ የተመደቡትን ሰባት ነጥቦች ገና ሳይጀመር ያገኛል።

ዕድሜና ጦርነት

ከኮከቡ አጠገብ የዕድሜ ምልክት አለ። ጉግል ፕሌይ ከ2015 ጀምሮ የሚጠቀምበት ሥርዓት ሠሪው መጠይቅ ሞልቶ በሚሰጠው መልስ ላይ የተመሠረተ ነው፤ በአውሮፓ የሚታየው ምልክት 3፣ 7፣ 12፣ 16 ወይም 18 ይላል። ምልክቱ ደም፣ ቁማር፣ ስድብ መኖሩን ይለካል። ተጫዋቹ ምን አሳልፎ እንደመጣ ግን አይጠይቅም። እውነተኛ ተኩስ ሸሽቶ የመጣ የ16 ዓመት ልጅ እና በሰላም ያደገ እኩያው በዚህ ምልክት ፊት አንድ ናቸው። አንዳንዱ ልጅ በተኩስ ጨዋታ ይደሰታል፣ ሌላው ድምፁን መስማት አይፈልግም። ይህን የሚለየው ወላጅ ወይም ታላቅ ወንድም አጠገቡ ተቀምጦ ሲያይ ብቻ ነው።

ሉዋል ማየን ለዚህ ጥያቄ ከሌላ አቅጣጫ መልስ ሰጥቷል። ደቡብ ሱዳናዊው ማየን ያደገው በሰሜን ዩጋንዳ የስደተኞች መጠለያ ነው። እናቱ ለሦስት ዓመት ገንዘብ አጠራቅመው ላፕቶፕ ገዙለት፤ እርሱም ቻርጅ ለማድረግ ሦስት ሰዓት ይጓዝ ነበር። የሠራው ሰላም የተባለው ጨዋታ ተጫዋቹን ስደተኛ አድርጎ ያስሮጠዋል፤ ውሃ፣ ምግብና መድኃኒት እያገኘ መትረፍ አለበት። ተጫዋቾች ለእነዚህ የሚከፍሉት ገንዘብ ለእውነተኛ ስደተኞች እርዳታ እንዲውል ታስቦ የተሠራ ነው። ማየን በ2018 በዘ ጌም አዋርድስ የዓለም የጨዋታ ዜጋ ተብሎ ተሸልሟል። አስተያየቴ፣ ይህን ጨዋታ በኮከብ መለካት ይከብዳል፤ ከአምስት ስንት ብሎ ለመናገር ማን ሆኖ መጫወት እንዳለብን መጀመሪያ መወሰን ያሻል።

ከእጅ ወደ እጅ

በብሉቱዝ፣ በሼርኢት ወይም በስልክ መጠገኛ ሱቅ የሚጫን ጨዋታ ዳታ ይቆጥባል፤ አንድ ሰው ያወረደውን ሃያ ሰው ይጋራዋል። ችግሩ በመንገድ ላይ የተቀየረ ቅጂ መኖሩ ነው። በዋናው ጨዋታ ላይ የተደበቀ ኮድ የተጨመረበት ቅጂ ከውጭ ሲታይ ልዩነት የለውም፤ ኮከብም አይከተለውም።

በዚህ አካባቢ አደጋው የሚከብደው ስልኩ የገንዘብ ቦርሳም ስለሆነ ነው። በሱዳን ጦርነቱ ከጀመረ ወዲህ ጥሬ ገንዘብ በመጥፋቱ ብዙዎች የሚኖሩት ባንከክ በተባለው የባንክ ኦፍ ካርቱም መተግበሪያ በሚላክላቸው ገንዘብ ነው፤ በኢትዮጵያ ወገን ደግሞ ከ2021 ጀምሮ ቴሌብር አለ። ስለሆነም የተቀበሉትን ጨዋታ ከመክፈትዎ በፊት የሚጠይቀውን ፈቃድ ያንብቡ። ሉዶም ሆነ 2048 ለመጫወት አጭር መልእክት ማንበብ፣ የስልክ ቁጥር ማውጫ መክፈት ወይም በሌሎች መተግበሪያዎች ላይ መታየት አያስፈልግም። ይህን የሚጠይቅ ቅጂ ካጋጠመዎ አይፍቀዱ፤ ከስልክዎ ያጥፉት፤ ለላከልዎ ሰውም ይንገሩት፤ ምክንያቱም ያው ቅጂ እርሱ ስልክ ላይም አለ።